ሁለት ትንንሽ ልጆችንና አያታቸውን ይዞ ወደ ዲዝኒ ወርልድ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ስድስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅና በኦክቶበር ሦስት ዓመት የሚሞላት ሴት ልጅ አሉን። አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው ከእኛ ጋር ናቸው። በኦገስት ሁለተኛ ሳምንት ኦርላንዶ ሄደን ዲዝኒ ወርልድ አምስት ቀን ለመቆየት አስበናል። ባለቤቴ አራቱንም ፓርኮች ማየት አለብን ይላል። እህቴ ደግሞ «ትንሿ ምንም አታስታውስም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ» ትለኛለች። ልጁ ቁመቱ 108 ሴንቲ ሜትር ነው። ከምን እንጀምር?

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሥራዬ ለቤተሰቦች ጉዞ ማዘጋጀት ነው። ከዋሽንግተን አካባቢ ወደ ፍሎሪዳ የሚሄዱ ቤተሰቦቻችን መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ቲኬት ዋጋ ነው። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቀው ትንሿ ልጅ ቀን ስንት ሰዓት ላይ እንደምትተኛ ነው። ከዚህ ጥያቄ የሚቀድም የለም። የት እንደምታርፉ፣ ስንት ፓርክ እንደምታዩ፣ ጠዋት ስንት ሰዓት እንደምትነሡ፣ ርችቱን ማየት ትችሉ እንደሆነ የሚወስነው የሁለት ዓመት ልጅ የቀን እንቅልፍ ነው። እንቅልፏን ያጣች ልጅ ከሰዓት በኋላ ታለቅሳለች፤ እሷ ስታለቅስ ወንድሟ ይነጫነጫል፤ እናትና አባት መነታረክ ይጀምራሉ፤ አያት በመካከል ይጨነቃሉ። ውድ ቲኬት ተከፍሎበት እንዲህ የተበላሸ ቀን ብዙ አይቻለሁ።

ስለዚህ ከባለቤትዎ ሐሳብ ልጀምር። አራቱን ፓርክ ለማየት አትሞክሩ። ዲዝኒ ወርልድ 100 ኪሎ ሜትር ካሬ ገደማ በሆነ መሬት ላይ የተዘረጋ ነው። ማጂክ ኪንግደም እ.ኤ.አ. በ1971፣ ኤፕኮት በ1982፣ ሆሊውድ ስቱዲዮስ በ1989፣ አኒማል ኪንግደም በ1998 የተከፈቱ ሲሆን እያንዳንዳቸው ሙሉ ቀን የሚፈጁ የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። በቀን አሥር ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ መራመድ የተለመደ ነው። አዋቂዎች ብቻ ብትሆኑ ኖሮ የባለቤትዎ ዕቅድ ያስኬድ ነበር። ለእናንተ የምመክረው ማጂክ ኪንግደም ሁለት ጊዜ፣ አኒማል ኪንግደም አንድ ጊዜ፣ በመካከሉ አንድ ቀን ደግሞ ምንም ፓርክ የማይገባበት፣ ልጆቹ በሆቴሉ መዋኛ ገንዳ ሲንቦራጨቁ የሚውሉበት ነው። አምስተኛው ቀን የመድረሻ ቀን ነው፤ የደረሳችሁበትን ቀን በቲኬት አታባክኑት።

ማጂክ ኪንግደምን ሁለት ጊዜ ያልሁት በምክንያት ነው። የቁመት ገደብ የሌላቸው መጫወቻዎች በብዛት ያሉት እዚያ ነው፤ የሚበርረው ዝሆን ዳምቦ፣ ካሩሰሉ፣ የዊኒ ዘ ፑ ጋሪ፣ ፓርኩን የሚዞረው ባቡር፣ ከፍ ባለ ሐዲድ ላይ ቀስ ብሎ የሚሄደው ፒፕል ሙቨር፣ በጀልባ የሚኬድበት ኢትስ ኤ ስሞል ወርልድ። ይህ የመጨረሻው በመጀመሪያ የተሠራው ለ1964ቱ የኒውዮርክ ዓለም አቀፍ ትርኢት፣ ለተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ለዩኒሴፍ ነበር፤ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ ጀልባው አይናወጥም፣ አማትዎም በደስታ ይሳፈሩበታል። ሁለተኛው የማጂክ ኪንግደም ቀን ከመጀመሪያው ይልቅ የሚጣፍጠው ልጆቹ የሚወዱትን ስለሚያውቁ ነው። ትንንሽ ልጆች አዲስ ነገር ከማየት ይልቅ ትናንት የወደዱትን ደግመው ማግኘት ያስደስታቸዋል። ዳምቦ ላይ አራት ጊዜ እንሳፈር ቢሉ አራት ጊዜ አሳፍሯቸው።

አኒማል ኪንግደም ውስጥ ከሁሉ አስቀድማችሁ ወደ ኪሊማንጃሮ ሳፋሪስ ሂዱ። ጎኑ ክፍት በሆነ ትልቅ መኪና ተሳፍሮ ቀጭኔን፣ ዝሆንን፣ አንበሳንና አውራሪስን በሰፊ ሜዳ ላይ እያዩ ማለፍ ነው። የቁመት ገደብ የለውም። እንስሳቱ በሙቀት ሰዓት ጥላ ፈልገው ስለሚተኙ ጠዋት መሄድ ይሻላል። መነሻው ሐራምቤ የምትባል፣ የምሥራቅ አፍሪካን የባሕር ዳር ከተማ አስመስለው የሠሯት መንደር ናት፤ ለአማትዎ የሚያወሩት ነገር እዚህ ይበዛል። ከዚያ በኋላ የላየን ኪንግ የሙዚቃ ትርኢት አለ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል በቀዝቃዛ አዳራሽ ተቀምጠው የሚያዩት ነው። ይህ ሁሉ እስከ ምሳ ያልቃል፤ እናንተም በምሳ ሰዓት መውጣት አለባችሁ።

የቀኑ አዋዋል እንዲህ ይሁን (ሰዓቱን የምጽፈው በአገራችን አቆጣጠር ነው)። ፓርኩ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። በዲዝኒ ሆቴል ያረፉ እንግዶች ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይገባሉ። ሰልፉ ሳይበዛ፣ ፀሐዩም ሳይከር የምታገኟቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ከቀሪው ቀን ሁሉ ይበልጣሉ። ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ምሳ በልታችሁ ወጥታችሁ ወደ ሆቴል ሂዱ። ልጅቷ ትተኛ፤ አያትም ጋደም ይበሉ። 10 ሰዓት አካባቢ ማን መመለስ እንደሚፈልግ ጠይቁ። የሚፈልገው ልጁና አባቱ ብቻ ከሆኑ ሁለቱ ይሂዱ፤ ቤተሰቡ ሁልጊዜ አብሮ መዋል የለበትም። በፍሎሪዳ በጋ ነጎድጓድና መብረቅ የሚመጣው በብዛት ከሰዓት በኋላ ነው፤ መብረቅ ሲኖር ከቤት ውጭ ያሉ መጫወቻዎች ይቆማሉ። በዚያ ሰዓት በሰልፍ ውስጥ ዝናብ የሚመታው ሰው ብዙ ነው፤ እናንተ ግን አልጋ ላይ ትሆናላችሁ።

ይህ ዕቅድ የሚሠራው ሆቴሉ ቅርብ ከሆነ ብቻ ነው። ከዲዝኒ ወርልድ አጠገብ ባለችው በኪሲሚ ከተማ ወጥ ቤት ያለው ቤት መከራየት ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው፣ ለአምስት ሰውም ይሰፋል። ችግሩ ማጂክ ኪንግደም ሲሆን ይመጣል። በመኪና የሚመጣ ሰው ማቆሚያው ላይ ወርዶ ገና ሐይቁን በመርከብ ወይም በሞኖሬል መሻገር አለበት፤ ሲመለስም እንዲሁ። በቀን ሁለት ጊዜ ይህን ከሁለት ልጆች ጋር ማድረግ አይሞከርም። ከዲዝኒ ሆቴሎች የሚነሣው አውቶቡስ ግን በር ላይ ያወርዳል። ኦል ስታር ሙዚክ እና አርት ኦቭ አኒሜሽን በተባሉት ሆቴሎች ስድስት ሰው የሚይዙ፣ ሁለት መታጠቢያ ቤት፣ ትንሽ ማቀዝቀዣና ማይክሮዌቭ ያላቸው የቤተሰብ ክፍሎች አሉ። ሁለት መታጠቢያ ቤት ከአማት ጋር ለሚጓዝ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ስለ ቀኑ። ነሐሴ 1 ቀን በኦገስት 7 ላይ ይውላል። ያሰባችሁት ሳምንት ሙሉ በሙሉ በጾመ ፍልሰታ ውስጥ ነው። አማትዎ ፍልሰታን በየቀኑ ቅዳሴ እያስቀደሱ የሚያሳልፉ እናት ከሆኑ፣ በእነዚያ ቀናት ከቤተ ክርስቲያን ርቀው በመዝናኛ ፓርክ መዋል ያሳዝናቸዋል፤ ለልጆቹ ሲሉም ላይናገሩት ይችላሉ። ስለዚህ አስቀድመው ይጠይቋቸው፣ ከልጃቸው ይልቅ እርስዎ ቢጠይቋቸው ደግሞ ይሻላል። ጥያቄውም «ይመጣሉ ወይ?» ሳይሆን «የትኛው ሳምንት ይሻልዎታል?» ቢሆን ጥሩ ነው። ሳምንቱን ወደ ጁላይ መጨረሻ ቢያመጡት ሙቀቱ ያው ነው፤ ሕዝቡ ትንሽ ይበዛል፣ ምክንያቱም የፍሎሪዳ ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱት በኦገስት 10 አካባቢ ነው። እኔ ግን ሕዝቡን እመርጣለሁ። በነገራችን ላይ ለሌሎች አንባቢዎችም ይጠቅማልና፣ የፀደዩ የትምህርት ቤት ዕረፍት በብዙ ዓመታት ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፤ ፓርኮቹም በጣም ከሚጨናነቁባቸውና ከሚወደዱባቸው ጊዜያት አንዱ ያ ነው።

ከኦክቶበር በፊት መሄዳችሁ ግን ተገቢ ነው። ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ወደ ዲዝኒ ወርልድ ፓርኮች የሚገባው በነጻ ነው። ከ3 እስከ 9 ዓመት የልጅ ቲኬት ያስፈልጋል፤ ከ10 ጀምሮ እንደ አዋቂ ይከፈላል። የአንድ ቀን የአዋቂ ቲኬት እንደ ቀኑና እንደ ፓርኩ ይለያያል፤ ከ120 ዶላር ገደማ ተነሥቶ በበዓል ሰሞን ከ190 ዶላር ያልፋል። የልጅ ቲኬት ከአዋቂው ብዙም አይረክስም። የሦስት ወይም የአራት ቀን ቲኬት ሲገዛ የቀኑ ዋጋ ስለሚቀንስ በየቀኑ በር ላይ አትግዙ። በአንድ ቀን ከፓርክ ወደ ፓርክ የሚያዘዋውረውን ተጨማሪ ክፍያ ደግሞ ጨርሶ እርሱት፤ አትጠቀሙበትም።

ሰልፍ የሚያሳጥረው ላይትኒንግ ሌን ለየብቻ ይከፈልበታል። በዲዝኒ ሆቴል የሚያርፍ ሰው ከመግቢያው ቀን 7 ቀን ቀድሞ፣ ሌላው 3 ቀን ቀድሞ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በስልክ መተግበሪያው ይይዛል። ለእናንተ ለመጀመሪያው የማጂክ ኪንግደም ቀን ብቻ ግዙት፤ ፒተር ፓን የተባለው መጫወቻ ሰልፉ ረጅም ስለሆነ እሱ ብቻ እንኳ ለመግዛት በቂ ምክንያት ነው። ለትንሿ መግዛት አያስፈልግም።

ገንዘብ የማይጠይቀውንና ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገርዎት። «ራይደር ስዊች» ይባላል። ትንሿ የማትገባበት መጫወቻ ጋ ሁላችሁም አብራችሁ ሄዳችሁ ለሠራተኛው ንገሩት። አባት ከልጁ ጋር ተሰልፎ ይሳፈራል፤ እርስዎ ከልጅቷ ጋር ይጠብቃሉ። ሲመለሱ እርስዎ በአጭሩ ሰልፍ ይገባሉ፤ ልጁም ብዙ ጊዜ ከእርስዎ ጋር ደግሞ መሳፈር ይችላል። ልጃችሁ 108 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 89 የሚጠይቀው ባርንስቶርመር፣ 97 የሚጠይቀው ሰቨን ድዋርፍስ ማይን ትሬን፣ 102 የሚጠይቀው የቲያና የውኃ ጀልባ ሁሉ ይፈቀዱለታል። 112 የሚጠይቀው ስፔስ ማውንቴን አይፈቀድለትም። ይህን ቤት ሳላችሁ ንገሩት። ግድግዳው ላይ 112ን አስምሩለትና ራሱ ይለካ። በር ላይ ተለክቶ የሚመለስ ልጅ በሰው ፊት የተዋረደ ይመስለዋል፤ ቀድሞ ያወቀ ልጅ ግን ለሚቀጥለው ጊዜ ይጠብቃል። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አድርጎለት ለማሳለፍ የሚሞክር ወላጅ አለ። ገደቡ የተሠራው የደኅንነት ማሰሪያው ሰውነት በትክክል እንዲይዝ ነውና በዚህ አትደራደሩ።

ልጁ ስድስት ዓመት ስለሆነ ጋሪ አያስፈልገውም ብላችሁ እንደምታስቡ እገምታለሁ። ያስፈልገዋል። ሁለት ልጅ የሚይዝ ጋሪ ውሰዱ ወይም ሆቴል ድረስ ከሚያመጡት ተከራዩ። ስፋቱ ከ79፣ ርዝመቱ ከ132 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ በእጅ የሚጎተተው ሠረገላ መሰል ጋሪ ከ2019 ጀምሮ የተከለከለ ነው። በአውቶቡስ ላይ ጋሪ ይታጠፋል፤ በሞኖሬል ላይ ግን ሳይታጠፍ ይገባል። ጋሪውን ሰልፍ ውስጥ ይዛችሁ ስለማትገቡ ውጭ ታቆሙታላችሁ፤ ሠራተኞችም ቦታ ሊቀይሩት ይችላሉ። ስለዚህ ከሩቅ የሚታወቅ የጥለት ቁራጭ እጀታው ላይ እሰሩበት፤ ገንዘብና ፓስፖርት ግን ውስጡ አትተዉ። በሰልፍ ውስጥ ልጅቷ ስትደክም አንቀልባ ከማንኛውም ዘመናዊ ማዘያ አይተናነስም፤ ወደ መጫወቻው ስትገቡ ብቻ ትወርዳለች።

ሙቀቱን አታቃልሉት። በዚያ ወቅት ከሰዓት በኋላ 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ እርጥበቱ ደግሞ ከዚያ የባሰ እንዲሰማ ያደርጋል። ከአዲስ አበባ ለመጡ እናት ይህ ከባድ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ተሽከርካሪ ወንበር በፓርኩ በር ላይ ይከራያል። ብዙ እናቶቻችን «እኔ ገና አልደከምሁም» ብለው እምቢ ይላሉ። እንግዲያው በሽታ እንዳለባቸው አድርጋችሁ አታቅርቡት፤ ትንሿን እቅፋቸው ላይ ለማስቀመጥ እንደሚጠቅም ንገሯቸው። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከጉዞው በፊት ስለ ሙቀቱ ሐኪማቸውን ያማክሩ። ባንኮኒ ላይ የሚታዘዝባቸው ፈጣን ምግብ ቤቶች በረዶ ያለበት ውኃ በነጻ ይሰጣሉ፤ ጠርሙስ መግዛት አያስፈልግም። የልጅቷ ዳይፐር ለረጅም ሰዓት ደረቅ ከሆነ ወይም ስታለቅስ እንባ ከሌላት ወዲያውኑ ወደ ቀዝቃዛ ቤት ግቡና ውኃ ስጧት፤ ካልተሻላት በየፓርኩ ወዳለው የመጀመሪያ ሕክምና ክፍል ውሰዷት። በየፓርኩ የሕፃናት መንከባከቢያ ማዕከልም አለ፤ ማጥቢያ ክፍል፣ መቀየሪያ ጠረጴዛና ማይክሮዌቭ አለው፣ ዳይፐርም ይሸጣል። ከጩኸቱ ለመሸሽ ብቻ እንኳ መግባት ይቻላል።

ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ የብርጭቆ ዕቃ ግን አይፈቀድም። እንጀራ ፍርፍር በዕቃ ቋጥሮ መግባት የሚከለክል የለም። ቆሎና ለውዝ ግን ለሁለት ዓመት ልጅ በጋሪ ውስጥ አትስጧት፤ ሊያንቃት ይችላል። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾሙት አማትዎ ደግሞ የዲዝኒ ምግብ ቤቶች ከ2019 ጀምሮ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ማር የሌለበትን ምግብ በአረንጓዴ ቅጠል ምልክት ለይተው ያሳያሉ። ምልክቱን አንድ ጊዜ ካሳየኋቸው ራሳቸው ያዝዛሉ ብላ የነገረችኝ ደንበኛ አለችኝ፤ ለአንዲት እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ልጅ ሊጠፋ ስለሚችል አስቀድማችሁ አስቡበት። በየጠዋቱ ከሆቴል ስትወጡ ሁለቱን ልጆች በለበሱት ልብስ ፎቶ አንሷቸው። ስልክ ቁጥራችሁን በማይለቅ ቀለም ክንዳቸው ላይ ጻፉ። ልጁ ከጠፋ ባለበት እንዲቆምና ስም የተጻፈበት ነጭ ምልክት ደረቱ ላይ ያለውን ሠራተኛ እንዲፈልግ አስተምሩት። የወላጆቹንም ሙሉ ስም ያጥና። በእኛ ልማድ ልጅ የአባቱን ስም ስለሚይዝ የእናቱ መጠሪያ ከእርሱ ጋር አይመሳሰልም፤ የእናትህ ስም ማን ነው ሲባል «እማዬ» ብቻ የሚል ልጅ ደግሞ ለሠራተኛው ያስቸግራል። የልደት ምስክር ወረቀታቸውን ቅጂም በስልካችሁ ያዙ።

አካሄዳችሁን በተመለከተ፣ አውሮፕላን ከመያዛችሁ በፊት አውቶ ትሬንን አስቡበት። ከቨርጂኒያ ሎርተን ተነሥቶ ከኦርላንዶ በስተሰሜን ሳንፎርድ ድረስ መኪናችሁን ጭኖ የሚሄድ የአምትራክ ባቡር ነው። በ11 ሰዓት አካባቢ ይነሣል፤ በማግስቱ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ይደርሳል። መኪናው እስከ 9 ሰዓት መቅረብ አለበት። ልጅቷ ሁለት ዓመት ስላለፋት በአውሮፕላን የራሷ ወንበር ይገዛላታል፤ ባቡሩ ለአምስት ሰው ከአውሮፕላንና ከኪራይ መኪና ድምር ጋር ሲወዳደር ብዙ ጊዜ ያዋጣል። የልጆች የመኪና ወንበር መኪናው ውስጥ እንደተገጠመ ይሄዳል። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፦ ባቡሩ ከተነሣ በኋላ ወደ መኪናው መመለስ አይቻልም። ዳይፐር፣ ቅያሬ ልብስ፣ መድኃኒትና እራት በእጅ ቦርሳ ይሁን።

እህትዎ ልጅቷ አታስታውስም ማለታቸው እውነት ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ይህን ጉዞ አታስታውስም። ወንድሟ ግን ያስታውሳል፤ አያቱ ዳምቦ ላይ አብረውት መሳፈራቸውን ሳይረሳ ያድጋል። ለእሷም ቢሆን የዚያን ቀን ደስታዋ ለዚያ ቀን ይበቃታል።

አሁን የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው። ከፍተኛውን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በአንድ ቅዳሜ ፔንሲልቬንያ፣ ላንካስተር ወደሚገኘው ደች ወንደርላንድ ሂዱ። በ1963 የተከፈተ፣ ለትንንሽ ልጆች የተሠራ ፓርክ ነው፤ ከእናንተ ሁለት ሰዓት ገደማ ይርቃል። እዚያ ሁለት ነገር ተመልከቱ፦ ልጅቷ በጋሪ ውስጥ፣ በጩኸት መካከል ትተኛለች ወይ? ትልቅ ጭንብል የለበሰ ሰው ሲቀርባትስ ትስቃለች ወይስ ትሸሻለች? ከሸሸች ከሚኪ ጋር ፎቶ ለመነሣት ሰልፍ ላይ ጊዜ አታጠፉም። በጋሪ የምትተኛ ከሆነ የሆቴሉ ቅርበት ያን ያህል አያሳስባችሁም፤ ኪሲሚ ያለውን ወጥ ቤት ያለው ቤት መከራየት ትችላላችሁ፣ አማትዎም ሽሯቸውን እዚያው ይሠራሉ። ካልተኛች ግን በሆቴሉ ላይ አትቆጥቡ። ያያችሁትን ጻፉልኝና ክፍሉን ከዚያ በኋላ አብረን እንመርጣለን።